ሽክናው ወደኛ ሲያዘነብል

ዛሬ ጠዋት የዘር ማሽላ እያሸሁ ነበር። ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ የከረመ ጅጉርቲ የምንለው ማሽላ ዛላ ነው፤ ነቀዝ እንዳይደፍረው እንዲያ ነው የሚቀመጥ። አውርጄ ሰፌድ ላይ በመዳፌ ሳሸው ያ የጭስና የገለባ ሽታ ይወጣል። ይኸ ሽታ ለኔ የሰኔ ሽታ ነው። ሰማዩ ግን ሰኔ አልመሰለም። በልጉ ቀርቷል። ደመናው በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ይልና እንደማያውቀን ሰው ዐይቶን ያልፋል። ይኸን ዘር ብንዘራው የወፍ ሲሳይ ሊሆን ነው፤ ካልዘራነው ደግሞ ቆልተን የምንበላው እሱኑ ነው፣ ሌላ የለንም። እንዲህ ከራሴ ጋራ እየተሟገትሁ ሳለ መሠረት፣ ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ የሞላ ልጅ፣ ደብተሯንና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች።

እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው መምህር ከጎጃም የመጣ ነው። ለያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ ቃል አድሏል፤ ትርጉሙን ፈልጉ፣ ከየት እንደመጣም ፈልጉ፣ ከዚያ ቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ እንደተናገረው አርጋችሁ ጻፉ ብሏል። ለሷ የደረሳት «ኢኒኩዊቲ» የሚሉት ነው። እኔ አፌ አይዞርልኝም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኋት።

«ክፋት ነው፣ እምዬ። ትልቁን ክፋት ነው እንዲህ የሚሉት። ግፍ በይው፣ ዓመፃ በይው።»

«ከየት መጣ አለ?»

ስልኳን በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አረገች። «ከድሮ ሮማውያን ቋንቋ ነው ይላል። መጀመሪያ ያልተስተካከለ፣ ደልዳላ ያልሆነ ማለት ነበር። አንዱ ጎኑ ከፍ፣ አንዱ ጎኑ ዝቅ ያለ።»

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «መሬት ነው ያለ?»

«መሬትም ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። እኩል ያልሆነ ነገር።»

«ማን ነገራቸው?» አልሁ።

«እምዬ፣ አንቺ ደግሞ ሮማ ድረስ ጭምጭምታ የወጣብሽ ይመስል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ምድጃው አጠገብ መቀመጤንም ረስቻለሁ። በሐሳቤ ባሌ አራጋው ወደነበረበት ዘመን ሄጄ፣ ውሃው መክፈያ ዳር፣ ጭቃ ላይ ቆሜ ነበር።

ያ ዘመን የማን መንግሥት ነበር ብትሉኝ አላውቅም፤ እኔ በመንግሥት አልቆጥርም። በሻሽ ነው የምቆጥር። ሻሽ በስሙኒ የነበረበት ጊዜ ነው። ሃምሳ ሳንቲም ይዛ ቆቦ ገበያ የወጣች ልጅ ሻሿን ገዝታ፣ በተረፋት ደግሞ ለዐይኗ ኩል ይዛ ትመለሳለች። አፋሮቹ ጨዋቸውን በግመል ጭነው ሲገቡ ግመሎቹ ከገበያው በታች ካለች አንዲት ዋርካ ሥር ይንበረከካሉ፤ እኛ ልጃገረዶቹ ግመሉን እናይ መስለን ሰዉን እናያለን። የራያ ወንድ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጠጉሩን ቅቤ አጠጥቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲመጣ ሙሽራ ሊያመጣ የሚሄድ ይመስላል፤ የሚሄደው ግን ወፍጮ ቤት ነው። አሁን ያቺ ዋርካ የለችም። ወፍጮ ቤቱም ፈርሶ የስልክ መጠገኛ ቆሞበታል፤ በሩ ላይ ባጃጅ ተኮልኩሎ ሮቢት ሮቢት፣ ጎብዬ ጎብዬ ይላል። እኔ ግን በዚያ ባለፍሁ ቁጥር የሞተሩን ቱክ ቱክ እሰማለሁ፤ ከሞተሩ በላይ ደግሞ የአያ ፈንታውን ድምጥ።

አያ ፈንታው የኛ የውሃ አባት ነበር፣ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ያንጎራጉራል፤ ሴቱ ወረፋው ቢደርሰው እንኳ ለሌላ እየለቀቀ ይሰማዋል። ስለ ወንዛችን ስለ ጎሊና አንዲት ነበረችው፦

ጎሊና ሲመጣ ድምጡን ሰማሁት፣
ለታች ጎረቤቴ በጩኸት ላክሁት።

ይቺን ሲላት ዐይኑ እንባ ያቀራል። እውነቱን ነበር። የበኩር ልጄን እሸቱን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። ከገበያ ሲመለስ እሱን ሳያይ ቤቱ አይገባም፤ ሸንኮራ ይዞለት ይመጣል፣ ጥርስ የሌለውን ልጅ በል ጋጥ ይለዋል። እኔ ከአባቴ ቀጥሎ የማምነው ሰው ማን ነው ብባል አበልጄ ፈንታው ነው የምል።

አሁን የውሃውን ነገር ለማያውቅ ልንገር። የኛ ማሽላ የሚጠጣ የራሱን ዝናብ አይደለም፣ የደገኛውን ነው። ዝናቡ እላይ ደጋው ላይ ይጥልና ጎርፍ ሆኖ በጎሊና ይወርዳል። ያን በእንጨትና በአፈር ክትር ገድበን ወደ ቦያችን እንጠልፈዋለን። ቦዩ መክፈያው ጋ ሲደርስ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ አፍ ለላይኛው እርሻ፣ አንዱ አፍ ለታችኞቹ። ያን ጊዜ የላይኛው እርሻ የአያ ፈንታው ነበር፣ የታችኛው የኛ። የሁለቱ አፍ ደፍ እኩል መሆን አለበት። አንደኛው ደፍ ከፍ ካለ ውሃው ዝቅ ወዳለው ይሄዳል፤ ውሃ ሽማግሌ አይሰማም።

ስለዚህ በየሰኔው፣ ቦይ በሚጠረግበት በውሃው ቀን፣ ሽክና ይቀመጣል። ቀጥ ያለ እንጨት ከአንዱ ደፍ ወደ አንዱ ደፍ ይጋደማል። መኻሉ ላይ ሽክና ይቀመጥና እስከ ከንፈሩ ውሃ ይሞላል። ውሃው ወደ አንዱ ጎን ከፈሰሰ ያ ጎን ዝቅ ብሏል፣ ያኛው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ከፍ ያለው በዶማ ይቀነሳል። ማንም የጠረጠረ ሰው «ሽክናው ይይ» ማለት ይችላል። አይቀየሙትም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ አበልጅ ለአበልጁ ሽክናው ይይ አይለውም። ነውር ነው። ልጅህን ታቦት ፊት የታቀፈልህን ሰው በቅል ውሃ ትመዝነዋለህ ወይ? አራጋውም አላለም። ሌላው ሰው ደግሞ ዝምድናችንን አይቶ፣ አበልጁ ካልጠየቀ እኛ ምን አግብቶን አለ። ሽክናው እንዲሁ ከዓመት ዓመት ሳይቀመጥ ቀረ። «አያ ፈንታው አይቶታል» ይባላል፣ ቦይ ይጠረጋል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ሰው ይበተናል።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ጎሊና አንድ ጊዜ ብቻ ወረደ። እሪ ተባለ፣ ሁላችንም ወጣን፣ ቦዩ ሞላ። እኔና አራጋው ማሳችን ዳር ቆመን ጠበቅን። ውሃው መጣ፤ ሲመጣ ግን እግራችንን ያጠበ ያህል ነው፣ አረፋውን አሳይቶን ደረቀ። ከላይ የአያ ፈንታው ማሽላ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ዘንድሮ ጎርፉ ደካማ ነው አልን። የኛ ማሽላ ከጉልበቴ ሳያልፍ ገረጣ። ጥር ሳይገባ ጎታው ተጠረገ። በስሙኒ ሻሽ ይገዛ የነበረ ሰው ሻሹን በአንድ ጣሳ እህል ሲሰጥ አይቻለሁ፤ እኔም ሰጥቻለሁ።

እህል ይታደላል ወደተባለበት አስፋልት ዳር ሞላን ደረቴ ላይ፣ እሸቱን ጀርባዬ ላይ አርጌ ወጣሁ። እሸቱ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነበር፤ ያን ለት ግን እግር አልነበረውም። ዋጃ ሳንደርስ ቀለለኝ። ሲተኛ ይከብዳል እኮ ልጅ፤ እንዴት ቀለለኝ ብዬ ትንሽ ሄድሁ። አብረውኝ የሚሄዱት ሴቶች ከኋላዬ ዝም ሲሉ ነው ያወቅሁት።

ቀብሩ ላይ አያ ፈንታው ከኔ በላይ አለቀሰ። መሬት ላይ ተንከባለለ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ይኸን ዛሬም እመሰክርለታለሁ። እኔ ክፉ ሰው ፊቱ ላይ ምልክት ያለው ይመስለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አራጋው ሳይነግረኝ ሽክና ይዞ ወጣ። ተከተልሁት። እንጨቱን አጋደመ፣ ሽክናውን አስቀመጠ፣ ከእንስራ ቀዳ። ውሃው በአያ ፈንታው ጎን ፈሰሰ። አራጋው የኛን ደፍ በዶማ ሰነጠቀው። ጎርፍ የሚያመጣው ደለል አሸዋ አለው፣ ነጣ ይላል። የኛ ደፍ ውስጡ ሲታይ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር ነው። ጥቁሩ የማሳ አፈር ነው፣ ሰው በቅርጫት ያመጣው። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቅርጫት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ማን ያየዋል? አያ ፈንታው ዶማ ሲሰማ መጥቶ ከበላያችን ቆሟል። «አበልጄ፣ ደለል ነው» አለ። «ጎርፉ ነው ያመጣው።» አራጋው ቀና ብሎ አላየውም። ዶማውን ትከሻው ላይ አርጎ ሄደ። ሰው ሁሉ ደም ይፈሳል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ በአበልጅ ላይ እጅ አይነሣምና አልፈሰሰም። ከዚያ ወዲያ ግን አራጋው ሲስቅ አላየሁትም። አያ ፈንታውን ሰፈራ ወሰዱት፣ እዚያው ቀረ። ኋላም መሬት ሲሸጋሸግ ያ የላይኛው እርሻ ለኛ ደረሰ። የታችኛው ለዘሐራ ባል ደረሰ፤ ጎረቤቴ ናት፣ ከሻሹ ዘመን ጀምሮ የምንተዋወቅ።

ይኸ ሁሉ በአንድ ቃል ነው የመጣብኝ። መሠረት ትምህርት ቤት ስትሄድ ማሽላውን ሰፌዱ ላይ ተውሁና ሽክናዬን አነሣሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም። ክፉ ነገር አስቤ አልነበረም፤ ያን ቦታ ልየው ብዬ ነው። ጦርነቱ በላያችን ካለፈ ወዲህ የውሃው ቀን በወጉ ተደርጎ አያውቅም። መንገዱ ለወጣት ቅርብ ነው፣ ለኔ ግን ዐረፍ ዐረፍ የሚያሰኝ ነው። ከጠለፋው ቦታ ፕሮጀክት የሚሏቸው የሠሩት ሲሚንቶ አለ፤ መክፈያችን ግን እንዳለ የጥንቱ አፈር ነው። ግራር እንጨት አገኘሁ፣ አጋደምሁ። ሽክናውን አስቀምጬ በያዝሁት ጆግ ውሃ ሞላሁ።

ውሃው ወደኛ ፈሰሰ። እንጨቱ ጠማማ ይሆናል ብዬ አገላብጬ አጋደምሁት። ወደኛ ፈሰሰ።

የዘሐራን ደፍ በጣቴ ጫርሁት። ላዩ ጥቁር ነው። ከሥሩ ነጭ። ከነጩ ሥር ጥቁር። አጠገቡ ቅርጫት ተደፍቷል፣ የኛው ቤት ቅርጫት ነው፣ ማንገቻውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ መዛቅና ቅርጫቱ ውስጥ መጨመር ጀመርሁ።

«እማ፣ ምን እያረግሽ ነው?» ሞላ ነው። ከማሳው መጥቶ ከበላዬ ቆሟል።

«ሽክናው ይይ እያልሁ ነው።»

«ብቻሽን?» ሳቅ አለ። «አሁን ማን ሽክና ያስቀምጣል። መሐንዲስ መጥቶ ለክቶት ሄዷል እኮ።»

«የለካው ሲሚንቶውን ነው። ይኸ አፈር ነው።»

«ደለል ነዋ። ጎርፉ ነው ያመጣው።»

ያን ጊዜ እሱ ጡት ላይ ነበር። ያን የአያ ፈንታውን ቃል ያስተማረው የለም።

«ሞላ» አልሁት፤ «ደለል አሸዋ አለው።»

ዱላውን መሬት ላይ ተከለና ቁጢጥ አለ፣ ከኔ ጋራ ዐይን ለዐይን። «እሺ» አለ። «እኔ ነኝ። ምን ላርግ? አንበጣው በላኝ፣ በሬዎቼ በጦርነቱ ሄዱ፣ በልጉ ቀረ። ያንኑ አንድ ጎርፍ ነው የምጠብቅ። ለሁለት ቢከፈል ለሁለታችንም አይበቃም። ታውቂያለሽ።»

«ዘሐራ የልጇን ልጆች ይዛለች። አባት እናት የላቸውም።»

«ዘሐራ አላህ አላት።»

«እኛም ያን ጊዜ እግዜር ነበረን።»

ይኸን ስል ፊቱ ተለወጠ። አልጮኸም። «አንቺ አይደለሽም ወይ ከታች ያረሰ ልጁን ይቀብራል እያልሽ ያሳደግሽኝ? ምድጃው ዳር እሸቱን ስትጠሪው እየሰማሁ አይደለም ወይ ያደግሁት? የመጀመሪያ ቃሌ የሱ ስም ነው፣ ራስሽ ነግረሽኛል። እንግዲህ ዛሬ ከላይ ነኝ፣ እማ። እኔ አልቀብርም።»

ቅርጫቱን ቀስ አርጎ ከእጄ ወሰደ። አፈሩን ተመልሶ ደፉ ላይ ደፋው፣ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አረገው። ከዚያ ሽክናውን አንሥቶ፣ በተረፈው ውሃ እጄን አጠበልኝ፤ በየጥፍሬ የገባውን አፈር እየጎረጎረ። «ፀሐይ ሳይበረታ ግቢ» አለኝ። ጨክኖ ገፍትሮኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መሠረት እዚህ ላይ ስትደርስ እስክርቢቶዋን አቆመች። አባቷ ነው። ጻፊ አልኋት፤ መምህርሽ እንደተናገሩት ጻፉ ብሏል። አምና የበላነው ቂጣ የዘሐራ ውሃ ነበረበት። አንቺ እሱን በልተሽ ነው ለዘንድሮ የደረስሽ፣ እኔም በልቼ ነው እስከ ዛሬ የቆምሁ፤ ከሆዳችን አናወጣው። ስልክሽ ያ ቃል ከሮማ መጣ ይላል። ይሁን፤ ለፈረንጁ ከሮማ ይምጣለት። የኛው ከየት እንደመጣ ግን ዛሬ ልጄ ነገረኝ። ከጀርባዬ ነው የመጣ፣ እሸቱ ከቀለለኝ ቦታ። እኔ ሐዘን ነው ያሳደግሁ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ዘሐራን መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ጀሪካን አህያዋ ላይ ጭና፣ ትንሹን የልጅ ልጇን ከጀሪካኑ መኻል አስቀምጣ። ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ የቦኖው ውሃ ጠፍቷል። ልጁ ሽክናዬን ሲያይ እጁን ዘረጋ፤ ውሃ ያለበት መስሎታል።

«የት ከርመሽ ነው በዚህ ፀሐይ፣ እቴ?» አለችኝ።

ነገርኋት። ልዋሽ ብዬ ነበር፣ አፌ እንቢ አለ። «የውሃው ቀን ሲደርስ ሕዝቡ መኻል ቆመሽ ሽክናው ይይ በይ» አልኋት። «ልጄ ነው ብለሽ አትፍሪ። እንጨቱን እኔ እይዝልሻለሁ።»

አልደነገጠችም። አህያዋን አቆመች። ሻሿን ፈትታ ላቧን ጠረገች፣ መልሳ አሰረችው፣ ልጁን ደገፍ አረገችው።

«ከአምና ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች። «ቅርጫቱን ተሸክሞ ሲሄድ አይቸዋለሁ፣ እሱም አይቶኛል። ወላሂ፣ ዝም ያልሁት ለሞላ ብዬ አይደለም። አንቺ ይኸን ግፍ አንድ ጊዜ አይተሽዋል፤ ሁለተኛ ሳታዪው አላህ ይውሰድሽ ብዬ ነው። እንግዲህ ካየሽው፣ እቴ፣ እኔም አፌን የምይዝለት የለኝም።»